ለሄድፎን አምፕሊፋየር የድሮ ቲዩብ መምረጥና መፈተሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ቫኪዩም ቲዩብ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የትኛው ፋብሪካ ሠራው? መፈተሻ ማሽን ላይ ስንት አሳየ? ሁለቱም መልስ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ሄድፎን በቀጥታ ጆሮ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከስፒከር ፊት ተቀምጠው የማይሰሙት ትንሽ እንከን ሁሉ እዚህ ይሰማል። እንዲህ ያለውን እንከን ደግሞ የፋብሪካ ስምም ሆነ የማሽን ንባብ ለብቻው አይነግርዎትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይበልጥ የሚያተኩሩት ቲዩቡ ጸጥተኛ በመሆኑ፣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ማጉያ ክፍሎቹ (ትራዮዶቹ) በመመጣጠናቸውና አምፕሊፋየሩን የማይጎዳ በመሆኑ ላይ ነው።

አምፕሊፋየሬ የትኞቹን ቲዩቦች እንደሚቀበል እንዴት አውቃለሁ?

መነሻው ሁልጊዜ የአምፕሊፋየሩ መመሪያ ወይም የሰርኪዩት ሥዕሉ ነው። ቲዩቡ ሶኬቱ ውስጥ መግባቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መነጻጸር ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ የእግሮቹ (ፒኖቹ) አቀማመጥ፣ የሂተሩ (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያሞቀው ሽቦ) ቮልቴጅ፣ ሂተሩ የሚስበው ከረንትና ፕሌቱ (ኤሌክትሮኖቹ የሚደርሱበት ብረት) የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሦስተኛው ነገር ሲዘነጋ ነው። ለምሳሌ 6ዲጄ8 (በአውሮፓ ስሙ ኢሲሲ88) በ6.3 ቮልት 365 ሚሊአምፔር ይስባል። ብዙዎች "ምትኩ ነው" ብለው የሚሰኩት የሶቪየቱ 6ኤን1ፒ ግን 600 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። የእግሮቹ አቀማመጥ ስለሚገጥም ይበራል፣ ድምፅም ይሰጣል። ትራንስፎርመሩ ግን ለዚያ ጭነት ካልተሠራ ቀስ በቀስ ይግላል፤ ሲቃጠል ደግሞ ጥፋተኛው ቲዩቡ መሆኑን የሚጠረጥር የለም። ለ6ዲጄ8 የሚቀርበው የሶቪየት ምትክ 6ኤን23ፒ ነው።

የ12ኤዩ7 ቤተሰብም ወጥመድ አለው። 12ኤዩ7 (ኢሲሲ82) በ12.6 ቮልት 150፣ በ6.3 ቮልት 300 ሚሊአምፔር ይስባል። 5814ኤ በ12.6 ቮልት 175 ስለሚስብ ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። ኢ80ሲሲና 12ቢኤች7 ግን እጥፍ ይፈልጋሉ፦ በ12.6 ቮልት 300፣ በ6.3 ቮልት 600 ሚሊአምፔር። 5687 ከዚያም በላይ ይስባል፤ የእግሮቹ ቅደም ተከተልም የተለየ ስለሆነ ያለ አዳፕተር አይታሰብ።

በ12ኤዩ7 ፋንታ 6ዲጄ8 መሰካት ይቻላል?

አይቻልም። ሁለቱም ባለ ዘጠኝ እግር ስለሆኑ ሶኬቱ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ችግሩ ሂተሩ ላይ ነው። የ12ኤዩ7 ሂተር በ4ኛውና በ5ኛው እግር መካከል 12.6 ቮልት ይወስዳል፤ 9ኛው እግር የመካከል መገናኛው ነው። የ6ዲጄ8 ሂተር ግን በ4ኛውና በ5ኛው መካከል የሚፈልገው 6.3 ብቻ ነው፤ 9ኛው እግሩ በሁለቱ ትራዮዶች መካከል ላለው መከለያ የተሰጠ ነው። ሶኬቱ ለ12.6 ቮልት ከተዘረጋ ሂተሩ እጥፍ ቮልቴጅ ደርሶት ይቃጠላል። ለ6.3 ቮልት ከተዘረጋ ደግሞ 4ኛውና 5ኛው እግር አንድ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ ጨርሶ አይበራም። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ይህን የሚቀይር ማብሪያ አላቸው፤ ከእነዚህ ውጪ አይሞክሩት።

6ዲጄ8 ሌላም ገደብ አለው፦ የፕሌቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ 130 ነው። ኢ88ሲሲ (6922) እስከ 220 ይችላል። ሰርኪዩቱ ለ6922 ተብሎ 180 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ተራ 6ዲጄ8 እዚያ ቦታ ላይ ዕድሜው ያጥራል።

6ኤስኤን7፣ 6ኤስኤን7ጂቲ፣ ጂቲኤ፣ ጂቲቢ፣ 12ኤስኤን7፣ 6ኤፍኪው7... ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የመጀመሪያዎቹ አራቱ አንድ ዓይነት የማጉላት ባሕርይ አላቸው (የማጉላት መጠናቸው 20 ገደማ)፣ ሂተራቸውም በ6.3 ቮልት 0.6 አምፔር ይስባል። ልዩነቱ አቅም ላይ ነው፦ ጂቲ የሚችለው 300 ቮልት ሲሆን ጂቲኤና ጂቲቢ 450 ይደርሳሉ። 12ኤስኤን7 ያው ቲዩብ ነው፤ ሂተሩ ብቻ 12.6 ቮልት በ0.3 አምፔር ሆኗል። አምፕሊፋየርዎ ለሁለቱም ቮልቴጅ መምረጫ ካለው፣ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ 12ኤስኤን7ን መጀመሪያ ይመልከቱ። 6ኤፍኪው7 (6ሲጂ7) ደግሞ በባለ ዘጠኝ እግር ብርጭቆ የተሠራ የ6ኤስኤን7 ወንድም ነው፤ በአዳፕተር ይሠራል፣ ሂተሩም ያንኑ 0.6 አምፔር ይስባል።

ሲቪ181 ተብሎ የሚሸጠው የእንግሊዝ ኢሲሲ32 ግን 0.95 አምፔር ይፈልጋል። "የ6ኤስኤን7 ምትክ" የሚለውን ብቻ አንብበው አይሰኩ።

ለሄድፎኔ የሚሆነው የትኛው ዓይነት አምፕሊፋየርና ቲዩብ ነው?

ወሳኙ የሄድፎኑ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ፣ ለሲግናሉ ያለው መቋቋም) ነው። የውጤት ትራንስፎርመር የሌላቸው (ኦቲኤል የሚባሉት) አምፕሊፋየሮች መውጫው ላይ ብዙውን ጊዜ 6ኤኤስ7ጂ ወይም 6080 ይጠቀማሉ። የዚህ ቲዩብ የውስጥ መቋቋም 280 ኦም፣ የማጉላት መጠኑ 2 ስለሆነ ሲግናሉ ከካቶዱ (ኤሌክትሮኖችን ከሚለቀው ክፍል) በሚወጣበት "ካቶድ ፎሎወር" አሠራር የአንዱ ትራዮድ የመውጫ ኢምፒዳንስ 280 ለ3 ሲካፈል 93 ኦም ገደማ ይሆናል። ይህም በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ቲዩብ በሙሉ ከረንት ሲሠራ ነው። 300 ኦም የሆነ ሄድፎን ከሲግናሉ 76 በመቶውን ያገኛል፤ 32 ኦም የሆነው ግን 26 በመቶውን ብቻ። ቀሪው ቲዩቡ ውስጥ ይቀራል። የ32 ኦም ሄድፎን ይዘው ኦቲኤል ላይ ቲዩብ እየቀያየሩ የጠበበውን ባስ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ የሚሻለው ትራንስፎርመር ያለው ወይም መውጫው ትራንዚስተር የሆነ ሃይብሪድ ነው።

6080ና 6ኤኤስ7ጂ ሂተራቸው ብቻ 2.5 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ ፕሌቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው እስከ 13 ዋት ይችላሉ። ሙቀቱ ወደ 40 ዋት ሊጠጋ ስለሚችል ዙሪያውን አየር እንዲያልፍ ክፍት ይተዉለት።

"ኤንኦኤስ" ማለት ጥሩ ማለት ነው?

ድሮ ተሠርቶ ያልተሸጠ ወይም ያልተሠራበት ማለት ነው፤ ጥሩ ማለት አይደለም። ፋብሪካውም ቢሆን የእያንዳንዱን ቲዩብ የጫጫታ ደረጃ ሁልጊዜ ነጥሎ አይለካም ነበር። ለቴሌቪዥን ተቀባይ የተሠራ ቲዩብ ለዚያ ሥራ ብቁ ሆኖ ለሄድፎን ሊያስቸግር ይችላል። በተጨማሪም ለአሥርተ ዓመታት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ብርጭቆው በእግሮቹ ዙሪያ አየር ሊያስገባ ይችላል።

ከድሮ የመለኪያ መሣሪያዎች የተነቀሉ ቲዩቦች በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ናቸው፤ መሣሪያዎቹ በመጠን ያሠሯቸው ነበርና። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ሂተሩ እየበራ ለረጅም ጊዜ ያለ ፕሌት ከረንት የቆየ ቲዩብ፣ በካቶዱ ብረትና በላዩ በተቀባው ሽፋን መካከል መቋቋም የሚፈጥር ንብርብር ያበቅላል። የዚህ በሽታ መለያው ቲዩቡ በማሽን "ጤነኛ" ተብሎ ሲያበቃ ሥራ ላይ ደካማ መሆኑ ነው። እንደ 5963 ያሉ ለኮምፒዩተር የተሠሩ ዓይነቶች ይህን እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

በቲዩቡ ላይ ያሉትን ኮዶች እንዴት ላንብባቸው?

የአሜሪካ ቲዩቦች ላይ የፋብሪካውን መለያ የያዘ ቁጥር ይገኛል፦ 274 አርሲኤ፣ 312 ሲልቫኒያ፣ 188 ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ 322 ቱንግ-ሶል፣ 280 ሬይቲዮን። ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣሉ። 3226018 ቢል ቱንግ-ሶል፣ 1960፣ 18ኛ ሳምንት ነው። አንዳንዴ ዓመቱ በአንድ አሃዝ ብቻ ይጻፋል። ለጦር ኃይል በተሠሩት ላይ "ጄኤኤን" የሚል ምልክትና የፋብሪካ ፊደላት አሉ፦ ሲአርሲ አርሲኤ ነው፣ ሲኤችኤስ ሲልቫኒያ፣ ሲቲኤል ቱንግ-ሶል።

የፊሊፕስ ቤተሰብ (ሙላርድ፣ ቫልቮ፣ አምፔሬክስ) ኮዱን ከስር በኩል ብርጭቆው ላይ በትንንሽ ፊደላት ያሰፍራል። ሁለተኛው መስመር ቢ4ኤፍ2 ቢል፦ ቢ የብላክበርን ፋብሪካ፣ 4 የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ፣ ኤፍ ስድስተኛው ወር፣ 2 የወሩ ሁለተኛ ሳምንት። 1964 ይሁን 1974 አሃዙ አይናገርም፤ ከውስጥ አሠራሩ ነው የሚለየው። በብላክበርን ፊደል ቦታ ሦስት ማዕዘን ካለ ሄርለን ነው፤ ዲ ከሆነ የሃምቡርግ ቫልቮ።

የሶቪየቶቹ ላይ "ኢቪ" የሚለው ጭራ ረጅም ዕድሜና ከፍ ያለ አስተማማኝነት ያመለክታል። 6ኤን8ኤስ ለ6ኤስኤን7፣ 6ኤን13ኤስ ለ6ኤኤስ7ጂ ይቆማሉ።

የሐሰት ቲዩብ እንዴት ይለያል?

በብርጭቆው ላይ የታተመውን ስም እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። ሐሰት ባይሆንም እንኳ ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን ምርት በራሱ ስም መሸጥ የተለመደ ነበር፤ የአንዱ ሳጥን ውስጥ የሌላው ቲዩብ መገኘቱ ወንጀል አይደለም። የሠራውን የሚናገረው የውስጥ አካሉ ነው፦ ፕሌቱ ለስላሳ ነው ወይስ ጎድጎድ ያለ? ሚካው (ክፍሎቹን በቦታቸው የሚይዘው ስስ ሰሌዳ) ምን ቅርጽ አለው? ጌተሩን (የቀረውን ጋዝ የሚስበውን ነገር) የያዘው ሽቦ ክብ፣ ዲ ወይስ አራት ማዕዘን? ስንት ምሰሶ ይዞታል? እነዚህን የተረጋገጠ ቲዩብ ፎቶ ላይ አነጻጽረው ይመልከቱ።

ቴሌፉንከን በኡልም ፋብሪካው በባለ ዘጠኝ እግሮቹ ስር፣ በእግሮቹ መካከል፣ ብርጭቆው ላይ ተጭኖ የወጣ የአልማዝ ቅርጽ ያደርግ ነበር። ምልክቱ በቀለም የታተመ ወይም በኋላ የተቀረጸ ከመሰለ ይጠራጠሩ። የወርቅ እግር ደግሞ እንዳይዝግ ይረዳል እንጂ የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ እሱንም አስመስሎ መቀባት ቀላል ነው። ጽሑፉ አዲስና ደማቅ ሆኖ ብርጭቆው የተፋቀ ከሆነ መልሱ ፊት ለፊት ነው።

ሳልሰካው በዓይን ምን ማየት እችላለሁ?

ጌተሩን ይመልከቱ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው መስታወት የመሰለ ሽፋን ነው። አየር የገባበት ቲዩብ ሽፋኑ ወተት መስሎ ይነጣል፤ ይህን አይሰኩት። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ እየሳሳ የሄደ ጌተር ብዙ ሰዓት የሠራ ቲዩብ ምልክት ነው። የሽፋኑ ትልቅነት ግን ምንም አይናገርም፣ ፋብሪካዎቹ የተለያየ መጠን ያደርጉ ነበር።

ከዚያ እግሮቹ አካባቢ ስንጥቅ ካለ በብርሃን ያስተውሉ። የባለ ስምንት እግሩ ቲዩብ ብርጭቆ ከባኬላይት መሠረቱ ላይ ቢነቃነቅም ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ብቻ እንዳያዞሩት፣ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ተጠማዝዘው ይገናኛሉ። ቲዩቡን ቀስ አድርገው ሲያዘነብሉት ውስጡ የሚንከባለል ትንሽ ቁራጭ ካለም መንስኤውን ሳያውቁ አይጠቀሙበት።

መልቲሜትር ብቻ ነው ያለኝ፤ ምን ልፈትሽ?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሂተሩ መቀጠሉን። በሚሠራበት ጊዜ የ6ኤስኤን7 ሂተር 10.5 ኦም ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ስለሚወርድ መልቲሜትሩ 1.5–2 ኦም አካባቢ ቢያሳይ አይደንግጡ። በ12ኤዩ7 ከ4 ወደ 9 እና ከ9 ወደ 5 የሚነበቡት ሁለቱ ግማሾች እኩል መሆን አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ከሂተሩ በስተቀር በማናቸውም ሁለት እግሮች መካከል ንባብ መኖር የለበትም፤ በ20 ሜጋኦም ደረጃ ይለኩት። የ6ኤስኤን7 እግሮች እንዲህ ናቸው፦ 4 ግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው ክፍል)፣ 5 ፕሌት፣ 6 ካቶድ የአንደኛው ትራዮድ፤ 1 ግሪድ፣ 2 ፕሌት፣ 3 ካቶድ የሁለተኛው፤ 7ና 8 ሂተር። በባለ ዘጠኝ እግሮቹ 12ኤዩ7ና 6ዲጄ8፣ 1 ወይም 6 ፕሌት፣ 2 ወይም 7 ግሪድ፣ 3 ወይም 8 ካቶድ ነው። እየለኩ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ አንዳንዱ ንክኪ ሲነቃነቅ ብቻ ይታያል። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ንክኪ ስላለ ግን ይህ ፈተና ቲዩቡን ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ እያለ ካቶዱ ላይ ባለው ሬዚስተር የሚወድቀውን ቮልቴጅ። ሬዚስተሩ 680 ኦም ሆኖ 6.1 ቮልት ካሳየ 9 ሚሊአምፔር እያለፈ ነው። ግራና ቀኙን አነጻጽረው ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ይህን የሚያደርጉት ከፍተኛ ቮልቴጅ የለመዱ ከሆነ ብቻ ነው፦ ውስጥ 150–300 ቮልት አለ፣ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ይይዛሉ። ኃይል ሳይኖር መቆንጠጫ ያላቸውን ሽቦዎች አስረው፣ ከዚያ አብርተው በእጅ ሳይነኩ ያንብቡ፤ ለማላቀቅ ነቅለው ካፓሲተሩ ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ይለኩ።

የቲዩብ መፈተሻ ማሽን የሚያሳየውን ምን ያህል ልመን?

ማሽኖቹ እኩል አይደሉም። ርካሾቹ የካቶዱን ልቀት ብቻ ያያሉ፦ ግሪዱንና ፕሌቱን አንድ ላይ አስረው ቲዩቡን እንደ ዳዮድ ይለኩታል። ቲዩቡ ማጉላቱን አይነግሩዎትም። ሌሎቹ፣ እንደ ሂኮክ፣ የጦር ኃይሉ ቲቪ-7 እና የእንግሊዙ አቮ፣ ትራንስኮንዳክታንስን ይለካሉ፤ ይህም የግሪዱ ቮልቴጅ በ1 ሲለወጥ የፕሌቱ ከረንት በስንት ሚሊአምፔር እንደሚለወጥ ነው። የሁለት ማሽኖች ቁጥር ግን እርስ በርስ አይነጻጸርም፤ የሚያሠሩበት ቮልቴጅ ይለያያል፣ ያልታረመ ማሽንም ብዙ ነው። ሻጭ "110 በመቶ" ቢልዎት ማሽኑን፣ የሁለቱን ትራዮዶች የየብቻ ንባብና ማሽኑ ለዚያ ቲዩብ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ገደብ ይጠይቁ። እነዚህ ከሌሉ ቁጥሩ ማስታወቂያ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሌት ብዙ ሰው ያስገርማል። በ47 ኪሎኦም የፕሌት ሬዚስተር የሚሠራ 6ኤስኤን7 የውስጥ መቋቋሙ 7.7 ኪሎኦም ሲሆን 17.2 ጊዜ ያጎላል። አርጅቶ የውስጥ መቋቋሙ ወደ 10 ኪሎኦም ቢያድግ 16.5 ይሆናል። ልዩነቱ ከ0.4 ዴሲቤል በታች ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ያ ቲዩብ ማሽኑ ላይ ሩብ ያህል አቅሙን ያጣ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ "ደካማ" የተባለ ጸጥተኛ ቲዩብ፣ በመግቢያ ቦታ ላይ "ጠንካራ" ከተባለ ጫጫታ ካለው ቲዩብ በእጅጉ ይበልጣል። መውጫ ላይ ላለው 6080 ግን ይህ አይሠራም፦ የውስጥ መቋቋሙ ከ280 ወደ 400 ቢያድግ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 133 ኦም ይደርሳል፣ ልዩነቱም ይሰማል።

ቤት ውስጥ ከማሽኑ የተሻለ መለኪያ ማዘጋጀት ይቻላል?

ሰርኪዩት መሥራት ለሚያውቅ ሰው አዎ። የሚያስፈልጉት 250 ቮልት የሚሰጥና ከረንቱ የተገደበ ኃይል ምንጭ፣ 6.3 ቮልት ለሂተር፣ ከ0 እስከ -15 ቮልት የሚስተካከል የግሪድ ቮልቴጅ፣ ሶኬትና ሁለት መልቲሜትር ናቸው። እያንዳንዱ ግሪድ እግር ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ይበየድ፤ ካልሆነ ቲዩቡ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይርገበገብና ንባቡን ያሳስታል።

ለ6ኤስኤን7፦ ለአምስት ደቂቃ ያሙቁት፣ ፕሌቱን 250 ቮልት፣ ግሪዱን -8 ቮልት ያድርጉ። ጤነኛው 9 ሚሊአምፔር አካባቢ ይስባል። ግሪዱን ወደ -7.5 ሲያመጡት ከረንቱ በ1.3 ገደማ ይጨምራል፤ 1.3 ለ0.5 ሲካፈል 2.6 ሚሊአምፔር በቮልት። ለ12ኤዩ7 ደግሞ በ250 ቮልትና በ-8.5 ቮልት 10.5 ሚሊአምፔርና 2.2 ይጠበቃል። 6ዲጄ8 በ90 ቮልትና በ-1.3 ቮልት 15 ሚሊአምፔር ስቦ 12.5 ይሰጣል፤ እሱን በምንም ዓይነት 250 ቮልት አይስጡት።

አሁን ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ፈተና፦ የጋዝ ፈተና። 6ኤስኤን7ው በ-8 ቮልት ላይ ሳለ ከግሪዱ ጋር በተከታታይ 1 ሜጋኦም ይግባ። የፕሌቱ ከረንት መቀየር የለበትም። በ0.26 ሚሊአምፔር ከጨመረ ግሪዱ በ0.1 ቮልት ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ይህም 0.1 ማይክሮአምፔር የግሪድ ከረንት ነው። እስከዚያ ድረስ ደኅና ነው። ከ0.5 ማይክሮአምፔር በላይ ያለውን፣ ግሪዱ ላይ ትልቅ ሬዚስተር ባለው ሰርኪዩት አይጠቀሙበት፤ እየሞቀ ሲሄድ ከረንቱ ከቁጥጥር ውጪ እየጨመረ ይሄዳል።

የሂተርና የካቶድ ሊኬጅ (በመካከላቸው የሚያፈተልክ ከረንት)፦ ሂተሩ በርቶ፣ ግሪድና ፕሌት ተለቀው፣ በሂተሩና በካቶዱ መካከል በ1 ሜጋኦም በኩል 100 ቮልት ይስጡ፣ ካቶዱ ፖዘቲቭ ይሁን። ሬዚስተሩ ላይ የሚነበበው እያንዳንዱ ቮልት 1 ማይክሮአምፔር ያህል ነው። ለሄድፎን ከ2 በታች ያለውን እንመርጣለን፤ ከ10 በላይ ያለውን እናስቀራለን።

ቲዩቡ ድምፅ እያበላሸ ነው፤ በድምፁ ዓይነት መንስኤውን መለየት ይቻላል?

አዎ፣ በአብዛኛው። እንደ ኃይል መስመሩ በ50 ወይም 60 ኸርዝ የሚያጉረመርም ከሆነ ሂተርና ካቶድ እየተነካኩ ነው፤ ሌላ ቲዩብ ሲሰኩ ይጠፋል። በእጥፉ፣ በ100 ወይም 120 ኸርዝ ከሆነና ቲዩብ ቢቀየር ካልተለወጠ የኃይል ምንጩን ካፓሲተሮች ይመልከቱ። አንድ ትራዮድ በሌላው ላይ በተደረደረበት ሰርኪዩት የላይኛው ካቶድ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ላይ ስለሚቆም፣ የሂተሩ ቮልቴጅም አብሮ ከፍ ካልተደረገ በካቶዱና በሂተሩ መካከል ያለው ልዩነት ለድሮ 6ኤስኤን7 ከሚፈቀደው 100 ቮልት ገደማ ያልፋል። እንዲህ ባለ አምፕሊፋየር ላይ ሁሉም ቲዩብ የሚያጉረመርም ከመሰለ ጥፋቱ የቲዩብ አይደለም።

የሚንጣጣና የሚፈነዳዳ ድምፅ መጀመሪያ የቆሸሸ እግር ወይም የላላ ሶኬት ነው፤ ካጸዱም በኋላ ከቀጠለ ቲዩቡ ውስጥ ሊኬጅ አለ። የማያቋርጥ ሽሽታ ከካቶዱ የሚመጣ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ካልቀነሰ አይቀንስም። ጠረጴዛው ሲነካ እንደ ደወል የሚያቃጭል ከሆነ ማይክሮፎኒክ ነው፣ ማለትም ግሪዱ በሜካኒካል መንገድ ይርገበገባል። የሲሊኮን ቀለበት ትንሽ ይረዳል፤ ወደ ዝቅተኛ ማጉያ ቦታ ማዛወር ይበልጥ ይረዳል። የትኛውም ቲዩብ በጣት ሲመታ ትንሽ ይሰማል፤ ጥያቄው ድምፁ ወዲያው ይሞታል ወይስ ይዘልቃል ነው።

ሁለቱ ትራዮዶች ምን ያህል መመጣጠን አለባቸው?

አንዱ ትራዮድ ግራን፣ ሌላው ቀኝን የሚያገለግል ከሆነ ይህ ከሁሉም በላይ ነው፣ በሄድፎን የግራ ቀኝ ልዩነት ዘፋኙን ከመሐል ያንሸራትተዋልና። 10 በመቶ የማጉላት ልዩነት 0.8 ዴሲቤል ነው። ለመፈተሽ አንድ ሲግናል ለሁለቱም መስመር ይስጡና መውጫውን ይለኩ፤ 0.5 ዴሲቤል (6 በመቶ) ውስጥ ከሆነ ይተዉት። ለየቻናሉ አንድ አንድ ቲዩብ በሚሠራበት ላይ ደግሞ ሲሸጡ "ጥንድ" የተባሉት መመጣጠን ያለባቸው እርስ በርስ ነው። 6080 በዚህ በኩል ክፉ ስም አለው፤ የአንዱ ቲዩብ ሁለት ትራዮዶች በሰፊው መለያየታቸው የተለመደ ነው።

ሰማያዊ ብርሃን አየሁ፤ ሲበራ ደግሞ ብልጭ አለ። አደገኛ ነው?

በብርጭቆው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ጭላንጭል ጉዳት የለውም። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን ቦታ የሞላ ሐምራዊ ብርሃን ግን ጋዝ ነው። ሲበራ ለሰከንድ ብልጭ የሚለው ሂተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ ባለ ዘጠኝ እግሮች በዚህ ይታወቃሉ። ፕሌቱ ራሱ ከቀላ ወዲያውኑ ያጥፉ።

አዲስ የመጣን ቲዩብ መጀመሪያ እንዴት ልሰካው?

ሄድፎኑን ይንቀሉ። በቦታው 300 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ይሰኩ። አብርተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ፕሌቱ አለመቅላቱን ይመልከቱ፣ ከዚያ ሬዚስተሩ ላይ ያለውን የዲሲ ቮልቴጅ ይለኩ። ጥቂት ሚሊቮልት ይጠበቃል፤ 50 ካለፈ ሄድፎን አያስገቡ። ሲበራና ሲጠፋ ለቅጽበት መዝለሉ የኦቲኤል ባሕርይ ነው፤ ሄድፎን ሁልጊዜ ከሞቀ በኋላ ገብቶ ከመጥፋቱ በፊት ይውጣ። ሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ቲዩብ በተቀየረ ቁጥር የማስተካከያውን ብሎን ሠሪው በሰጠው ቮልቴጅ ላይ ይመልሱት፤ በ24 ወይም በ48 ቮልት የሚሠሩ ሰርኪዩቶች ላይ ቲዩቦች እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ።

እግሮቹን በምን ላጽዳ?

በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ፤ ዝገቱ ካልለቀቀ በእርሳስ ላጲስ። የብርጭቆ ወረቀት ሽፋኑን ይገፈዋል። ባለ ስምንት እግር ላይ አልኮሉም ካልሠራ የእግሮቹን ጫፍ በካውያ አሙቀው ትንሽ አዲስ ብየዳ ይጨምሩ፤ እግሩ ውስጥ የላላን ሽቦ እንዲህ መበየድ ብዙ "የሞተ" ቲዩብ ያስነሳል። ብርጭቆው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይንኩ፤ በብዙዎቹ ላይ በደረቅ ጣት ሳይቀር ይለቃል። ሲነቅሉ ቀዝቅዞ፣ መሠረቱን ይዘው፣ በጥቂቱ ዙሪያውን እያወዛወዙ።

ለስንት ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው የምፈርድበት?

ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የነበረ ቲዩብ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ መንጣጣቱና ከረንቱ መንሸራተቱ የተለመደ ነው፤ ሲሞቅ ጌተሩ የቀረውን ጋዝ ይስባል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሠሩትና እንደገና ይለኩት፤ ጥንድ የሚመርጡት በዚህ ሁለተኛ ልኬት ነው። ነጭ ጌተርን፣ ከ10 ማይክሮአምፔር በላይ ሊኬጅንና የሚቀላ ፕሌትን ግን ምንም ያህል ሰዓት አያድንም፤ እነዚህን በዚያው ቀን ይመልሱ።